ቨርጂኒያ፦ ዲሲ እያልን የምንኖርባት ግዛት

ከአዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ደለስ ሲያርፍ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያወጣና “ዲሲ ገባሁ” ይላል። አልገባም። እግሩ የረገጠው የቨርጂኒያን መሬት ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ እንኳ ዲሲ ለመድረስ 40 ደቂቃ ይቀረዋል። ሻንጣውን ጭኖ የሚወስደው ባለታክሲ ወገናችንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርሰው አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ስፕሪንግፊልድ ወይም ውድብሪጅ ነው። እነዚህም ቨርጂኒያ ናቸው። “የዋሽንግተን” የሚል ስም የያዘው ሬገን ናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር የሚገኘው ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ ማዶ፣ በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ነው። ፔንታጎንም እንደዚሁ፤ የሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤትም እንደዚሁ።

ሰሞኑን ደለስ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ አንድ ወዳጃችንን ተራ እየጠበቁ ሳለ አግኝተናቸው ነበር። ስለ ሀገር ቤት ፖለቲካ ሲያወሩ የሚያህላቸው የለም፤ የትኛው ሚኒስትር ከየትኛው ጄኔራል ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ከየት እንደተነሣና የት እንደተሾመ ቀን ጠቅሰው ይናገራሉ። “ጋሼ፣ ለመሆኑ የቨርጂኒያ ገዥ ማን ናቸው?” ብለን ጠየቅናቸው። “ተወኝ እስቲ ወንድሜ፣ እኔን የአራት ኪሎውን ጠይቀኝ!” አሉንና ሳቁ። እኛም ሳቅን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ሳቁ አብሮን አልመጣም፤ ምክንያቱም እኛ ራሳችን በዚህች ግዛት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት የኖርነው ልክ እንደ እርሳቸው ነበር። ኪራይ የምንከፍልባት፣ ልጅ የምናስተምርባት፣ ግብር የምንገብርባትና ዜጋ ሆነን ቃለ መሐላ የፈጸምንባት ምድር ማን እንደሆነች አንዴም አልጠየቅንም።

“ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ” ነውና ዛሬ ከሥሯ ልናያት አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ቨርጂኒያ 110 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አላት፤ የኢትዮጵያን አንድ አሥረኛ ያህል ማለት ነው። በ2020 በተካሄደው ቆጠራ ሕዝቧ 8 ሚሊዮን 631 ሺህ ነበር። ካርታዋ በጎኑ የተኛ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ ሹሉ ጫፍ ወደ ምዕራብ ርቆ ከመሄዱ የተነሣ ሊ ካውንቲ የምትባለው የመጨረሻዋ ወረዳ ከዲትሮይት ከተማ እንኳ በስተ ምዕራብ ትገኛለች። በምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለው የባሕር ዳር ሜዳ አለ። ፖቶማክ፣ ራፓሐኖክ፣ ዮርክና ጄምስ የተባሉት አራት ወንዞች ይህንን ሜዳ እየቆራረጡ ቼሳፒክ ከሚባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ይገባሉ። የባሕሩ ማዕበል ወንዞቹን ሽቅብ ተከትሎ ወደ መሐል ሀገር ይዘልቃል፤ ፏፏቴው ከሚያግደው ቦታ ላይ ግን መርከብ ይቆማል፣ መርከብ በሚቆምበትም ከተማ ይቆረቆራል። ዋና ከተማዋ ሪችመንድ የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲያ ፒድሞንት የሚባለው ቀይ አፈር ያለው ወጣ ገባ መሬት፣ ቀጥሎም ብሉ ሪጅ የተባለው ሰንሰለታማ ተራራ ይመጣል። “ተራራ” ስንል አንባቢ ሰሜን ተራሮችን እንዳያስብ። የግዛቲቱ ከፍተኛ ቦታ ማውንት ሮጀርስ 1,746 ሜትር ነው፤ የአዳማን ከፍታ ያህል መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ቁልቁለት እንጂ ዳገት አይደለም። ከብሉ ሪጅ ጀርባ ያለው የሼናንዶዋ ሸለቆ ግን በእውነት የሚያምር ምድር ነው፤ ፖምና ዶሮ ይበዛበታል። በደቡብ ምዕራብ ጥግ የድንጋይ ከሰል ተራሮች አሉ። ከእኛ ሰዎች ወደዚያ የዘለቀ ብዙ ያለ አይመስለንም።

ስለ አስተዳደሩ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ቨርጂኒያ 95 ካውንቲዎችና 38 ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች አሏት። በሌላ ግዛት ከተማ የካውንቲ አካል ነው፤ እዚህ ግን ከተማው ለብቻው፣ ካውንቲው ለብቻው ነው። አሌክሳንድሪያ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ነገር ግን የፖስታ አድራሻቸው “አሌክሳንድሪያ” የሚል እጅግ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት በከተማው ውስጥ ሳይሆን በፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ትምህርት ቤታቸው፣ ፖሊሳቸው፣ የቤት ግብራቸው በሙሉ የፌርፋክስ ነው። አንድ የምናውቀው ሰው ለአሌክሳንድሪያ ከንቲባ ምርጫ ፖስተር ለጥፎ፣ ሰው ቀስቅሶ፣ በመጨረሻ ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድ ነዋሪ እንዳልሆነ የተነገረው በዚህ የተነሣ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት ያንን የባሕር ዳር ሜዳ ያስተዳድር የነበረው ፓውሐታን የሚባል ኃያል መሪ ነበር፤ በሥሩ ሠላሳ ያህል ነገዶች ነበሩ። በሜይ 1607 የሎንዶን ነጋዴዎች ያቋቋሙት የቨርጂኒያ ኩባንያ አንድ መቶ የሚያህሉ ወንዶችና ልጆችን በጄምስ ወንዝ ዳር አራግፎ ጄምስታውንን መሠረተ። ያሰቡት ወርቅ ነበር፤ ያገኙት ወባና ረሃብ ነው። ከ1609 እስከ 1610 ያለው ክረምት በታሪካቸው “የረሃብ ጊዜ” ተብሎ ይጠራል፤ ከሠፋሪዎቹ አብዛኛው ያለቀው በዚያ ወቅት ነው። ያዳናቸው ትምባሆ ነው። ጆን ሮልፍ የተባለው ሰው የተሻለ ዘር አምጥቶ ካለመደ በኋላ ወደ እንግሊዝ መላክ ጀመሩ፣ ትምባሆም እንደ ገንዘብ ሆነ። ትምባሆ ግን መሬት ይበላል፣ የሰው ጉልበትም ይበላል።

አንባቢ 1619ን ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። በዚያ ዓመት ጁላይ 30 ቀን በጄምስታውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሠፋሪዎች የተመራጮች ጉባኤ ተሰበሰበ። ዛሬ በሪችመንድ የሚሰበሰበው ምክር ቤት ዘሩን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። አራት ሳምንት እንኳ በወጉ ሳይሞላ፣ በኦገስት መጨረሻ፣ ከአንጎላ ተግዘው ወደ ሜክሲኮ ይወሰዱ ከነበሩበት የፖርቱጋል መርከብ የተዘረፉ “ሃያና ጥቂት” አፍሪካውያን ፖይንት ኮምፈርት ከሚባለው ወደብ ደርሰው በስንቅ ተለወጡ። ቦታው ዛሬ ሐምፕተን ከተማ ነው። እንግዲህ ምክር ቤቱና የባሪያ ገበያው የአንድ ክረምት ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት አራት መቶ ዓመታት የእነዚህ የሁለቱ ጠብ ናቸው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ምክር ቤቱም ባርነቱን በሕግ አጠናከረው። በ1662 የወጣው ሕግ የልጅ ዕጣ የእናቱን ዕጣ ይከተላል አለ። ይህ ማለት ጌታው ከባሪያው የወለደው የራሱ ልጅም ባሪያው ሆነ ማለት ነው። በ1705 የተበታተኑት ሕጎች ተጠቃለው አንድ ወጡ። ይኸው ምድር ደግሞ ከሰባ ዓመት በኋላ የነጻነትን ቋንቋ ለዓለም ጻፈ። ጆርጅ ሜሰን በጁን 1776 የጸደቀውን የቨርጂኒያ የመብቶች መግለጫ አዘጋጀ፤ ከሳምንታት በኋላ ቶማስ ጄፈርሰን ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል የሚለውን የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ጻፈ። ጄፈርሰን በዕድሜው ዘመን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ማዲሰንና ሞንሮም የቨርጂኒያ ልጆች ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፕሬዚዳንቶች አራቱን ያወጣችው ይህች ግዛት ነች፣ በጠቅላላውም የስምንት ፕሬዚዳንቶች የትውልድ ቦታ ናት። የእንግሊዝ ጦር እጁን የሰጠውም እዚሁ፣ በዮርክታውን፣ በኦክቶበር 1781 ነው።

ጄፈርሰን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ እንዲጻፍለት ካዘዛቸው ሦስት ነገሮች ውስጥ ፕሬዚዳንትነቱ የለበትም። የነጻነት መግለጫው፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲና በ1786 የወጣው የቨርጂኒያ የሃይማኖት ነጻነት ሕግ ናቸው። ያ ሕግ ማንም ሰው ለማንኛውም ሃይማኖት እንዲከፍል ወይም በእምነቱ የተነሣ መብቱን እንዲያጣ አይገደድም አለ። ዛሬ በሰሜን ቨርጂኒያ መንገዶች ዳር አብያተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን ሲቋቋሙ “የማን እምነት ናችሁ?” ብሎ የሚጠይቃቸው የመንግሥት ሹም የሌለው ከዚህ የተነሣ ነው። ባሪያ ያዥ የጻፈው ሕግ ጥላ ሆነልን። ይህንን እንዴት እንደሚያስታርቁት የቨርጂኒያ ሰዎች ራሳቸው ገና አልጨረሱትም።

በአሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪትን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ዕቃ የምንገዛበት፣ የምንመገብበት፣ መኪና የምናሠራበት ጎዳና ነው። በዚያው መንገድ በቁጥር 1315 ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባለው በሀገሪቱ ካሉት ሁሉ ትልቁ የባሪያ ንግድ ድርጅት የተቀመጠው እዚያ ነበር። የቨርጂኒያ መሬት በትምባሆ ደክሞ ሳለ በደቡብ ጥጥ እየተስፋፋ ነበርና ነጋዴዎቹ ሰው ከዚህ ይገዙና ወደ ናቼዝና ወደ ኒው ኦርሊንስ ይልኩ ነበር። ከፊሉን በመርከብ፣ ከፊሉን በሰንሰለት አቆላልፈው በእግር ይነዱታል። እንዲህ ባለው ንግድ ከቨርጂኒያ ወደ ደቡብ የተሸጡት በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ያም ሆኖ በ1860 በተደረገው ቆጠራ ግዛቲቱ 490 ሺህ የሚሆኑ ባሮች ነበሯት፤ ከየትኛውም ግዛት የሚበልጥ ቁጥር ነው። ያንን ቤት ከተማው በ2020 ገዝቶ ፍሪደም ሐውስ የተባለ ሙዚየም አድርጎታል። እኛ በደጁ ስንት ዓመት ካለፍን በኋላ አንድ ቀን ዝናብ አስገድዶን ገባን። ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ በድሮው ዓይናችን አላየነውም።

የእርስ በርስ ጦርነቱን ብዙዎቻችን በፊልምም ቢሆን እናውቀዋለንና በአጭሩ እናልፈዋለን። ቨርጂኒያ በኤፕሪል 1861 ከኅብረቱ ተገነጠለች፤ ሪችመንድ የተገንጣዮቹ ዋና ከተማ ሆነች። በምዕራብ ተራሮች ያሉት ወረዳዎች “እኛ አንገነጠልም” ብለው በ1863 ዌስት ቨርጂኒያ የተባለች ግዛት ሆኑ፤ ከተገንጣይ የተገነጠለች መሆኗ ነው። ጄኔራል ሮበርት ሊ በኤፕሪል 9፣ 1865 አፖማቶክስ ላይ እጁን ሰጠ። አርሊንግተን የሚገኘው ታላቁ የጦር ሠራዊት መካነ መቃብር የተቋቋመው የእርሱና የሚስቱ ርስት በነበረው መሬት ላይ ነው።

ከጦርነቱ ይልቅ ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው ለእኛ ትምህርት የሚሆነው። ጥቁሮች መረጡ፣ ተመረጡ፣ በግዛቲቱ ምክር ቤት ተቀመጡ። ይህ ያላስደሰታቸው ሰዎች በ1901 ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ ጠሩ፤ ዓላማቸው የጥቁሩን ድምፅ ማስወገድ መሆኑንም አልደበቁም። የ1902ቱ ሕገ መንግሥት እንዲህ የሚል ነበር፦ መምረጥ የሚፈልግ ሰው በዓመት አንድ ዶላር ከሃምሳ የምርጫ ግብር ይክፈል፤ ያውም የሦስት ዓመቱን፣ ያውም ከምርጫው ስድስት ወር ቀድሞ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ መዝጋቢው ከሕገ መንግሥቱ የፈለገውን አንቀጽ እያነሣ “ተርጉምልኝ” ማለት ይችል ነበር። ግብሩ በቀለም አይለይምና ድኻውን ነጭም አብሮ ጠረገው። በ1900 በፕሬዚዳንት ምርጫ 264 ሺህ ሰው መርጦ ነበር፤ በ1904 የመረጠው 130 ሺህ ብቻ ነው። ሰነዱ ለሕዝብ ውሳኔ ይቀርባል ተብሎ ቃል ተገብቶ ነበር፤ አርቃቂዎቹ ግን “ታውጇል” ብለው አወጁት።

እዚህ ላይ ስንደርስ የራሳችን ነገር ትዝ አለን። ሀገር ቤት በመንግሥት ጋዜጣ በአርታኢነት በሠራንባቸው ዓመታት፣ አንዳንድ ጊዜ ስለ ሕዝብ ስብሰባ የሚወጣው ዜና ስብሰባው ሳይደረግ ይደርሰን ነበር። “ነዋሪዎቹ በሙሉ ድምፅ ደገፉ” የሚለውን ርዕስ እኛው ራሳችን አስተካክለን ወደ ማተሚያ ቤት ልከናል። ስለዚህ የሪችመንዶቹን አዋጅ ስናነብ ከሩቅ እንደሚፈርድ ሰው አይደለም ያነበብነው።

ያ ግብር ስድሳ ዓመት ቆየ። የጣለው ጦርም አልነበረም፣ ሰልፍም ብቻውን አልነበረም። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ በሩት ዋን ዳር፣ ገም ስፕሪንግስ የምትባል መንደር አለች። በ1833 ከዋሽንግተን ቤተሰብ ርስት ነጻ የወጣው ዌስት ፎርድ የመሠረታት ናት፤ ዛሬ በዙሪያዋ ስንት ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከዚች መንደር አኒ ሐርፐር የተባሉ ጥቁር እናት “የምርጫ ግብር የመክፈል አቅም የለኝም” ብለው ግዛቲቱን ከሰሱ። ከኖርፎክም ኤቭሊን ባትስ የተባሉ ሴት እንዲሁ ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በማርች 1966 የምርጫ ግብር በማንኛውም ግዛት ምርጫ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። የክሱ ስም “ሐርፐር በቨርጂኒያ ላይ” ነው። የድኻይቱ ስም ከግዛቲቱ ስም ቀድሞ መጻፉ ደስ ይለናል።

በትምህርት ቤትም በኩል እንዲሁ ነው። በፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ፣ ፋርምቪል ከተማ፣ የጥቁሮቹ ሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ180 ተማሪ ተሠርቶ ከ450 በላይ ታጭቆበት ነበር፤ ትርፎቹ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተሸፈኑ ደሳሳ ቤቶች ይማሩ ነበር። በኤፕሪል 23፣ 1951 ባርባራ ጆንስ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ርእሰ መምህሩን በዘዴ ከግቢ አስወጥታ፣ ተማሪውን በአዳራሽ ሰብስባ፣ “ከእንግዲህ አንማርም” አስባለች። ሥራ ማቆም አድማው ወደ ክስ ተለወጠ፤ በ1954 በዘር የተለያዩ ትምህርት ቤቶችን ከከለከለው ውሳኔ ሥር ከተጠቃለሉት አምስት ክሶች አንዱ የፋርምቪል ልጆች ክስ ነው። ወላጆቿ ለሕይወቷ ስለሰጉ አላባማ ወደሚኖሩት አጎቷ ላኳት።

ግዛቲቱ ግን ውሳኔውን አልቀበልም አለች። ሴናተር ሐሪ ባርድ የሚመሩት የፖለቲካ ቡድን “ታላቁ እምቢታ” ያለውን አወጀ። የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ሹማምንት ነጭና ጥቁር አብሮ ከሚማር ይልቅ ብለው በ1959 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቻቸውን በሙሉ ዘጉ። አምስት ዓመት! ለነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከ1 ሺህ 700 በላይ ጥቁር ልጆች ሜዳ ላይ ቀሩ። ከፊሉ ዘመድ ጋር ተሰደደ፣ ከፊሉ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፊደል ቆጠረ፣ ከፊሉ ጨርሶ አልተማረም። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስከፈተው። የግዛቲቱ ምክር ቤት ለእነዚያ ልጆች የትምህርት ዕድል ገንዘብ የመደበው በ2004 ነው፤ ብዙዎቹ ያኔ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ልጆቻችሁን በፌርፋክስና በላውደን ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ ወላጆች፣ “ምርጥ ትምህርት ቤት” ስትሉ ይህን የአምስት ዓመት ቁልፍ አትርሱት።

ከዚያ ወዲህ ለውጡ በረታ። በ1967 የሎቪንግ ባልና ሚስት ክስ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለውን የቨርጂኒያ ሕግ አፈረሰ። በኖቬምበር 1989 የባሮች የልጅ ልጅ የሆኑት ዳግላስ ዋይልደር ከ7 ሺህ ባነሰ የድምፅ ብልጫ ገዥ ሆነው ተመረጡ፤ በአሜሪካ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር የግዛት ገዥ ናቸው። በ2021 የሞት ቅጣት ቀረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከ1890 ጀምሮ በሪችመንድ ቆሞ የነበረው ግዙፉ የሊ ሐውልት ወረደ። በዋሽንግተን ካፒቶል ቨርጂኒያን ወክሎ የቆመው የሊ ሐውልትም በዲሴምበር 2020 ተነሥቶ ነበር። የግዛቲቱ ኮሚሽን በምትኩ እንድትቆም የመረጣት ያችኑ የ16 ዓመት ልጅ ባርባራ ጆንስን ነው።

አሁን ስለ ኢኮኖሚዋ። ትምባሆው ቀንሶ ቀንሶ ዛሬ ትዝታ ሊሆን ደርሷል። የደቡብ ምዕራብ የድንጋይ ከሰልም ከ1990 ወዲህ እያሽቆለቆለ መንደሮቹን ይዞ ወርዷል። በባሕሩ በኩል ኖርፎክ የዓለም ትልቁ የባሕር ኃይል ሠፈር አለ፤ በጎረቤቱ ኒውፖርት ኒውስ የአሜሪካ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ይሠራሉ፤ እነዚያን የሚሠራ ሌላ ቦታ በሀገሪቱ የለም። በሰሜን በኩል ደግሞ መንግሥት ራሱ ኢንዱስትሪ ነው። ፔንታጎን በ1943 ከተጠናቀቀ ወዲህ ለመንግሥት ሥራ የሚሠሩ ኩባንያዎች መዓት ሆነው ሰፈሩ። ይህ ሲሳይ ደግሞ ሲሳሳ ይታያል፤ በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኛውን በጅምላ ሲቀንስና ዩኤስኤይድን ሲዘጋ በሰሜን ቨርጂኒያ ስንት ቤት ደነገጠ። ከእኛም ሰዎች በሒሳብ ሥራ፣ በኮምፒውተር፣ በጥበቃ ተቀጥረው የነበሩ አሉበት።

አንድ የሚያስቅ ነገር እንጨምር። በ1990ዎቹ ከዓለም ዋና ዋና የኢንተርኔት መገናኛዎች አንዱ የነበረው ታይሰንስ ኮርነር ውስጥ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን የዚህ አካባቢ የመኪና ማቆሚያ በማን እጅ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። ወገኖቻችን ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ሲቆርጡ የዓለም ደብዳቤ በግድግዳው ወዲያ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ያ መገናኛ ሌላውን ሳበ፤ አሁን በላውደን ካውንቲ፣ በደለስ አጠገብ አሽበርን ላይ፣ በዓለም ላይ ከየትም ይበልጥ የተጠጋጉ የመረጃ ማዕከሎች ይገኛሉ። መስኮት የሌላቸው እነዚያ ግዙፍ መጋዘን መሰል ሕንፃዎች እነርሱ ናቸው። በ2023 ከግዛቲቱ ኤሌክትሪክ አንድ አራተኛ ያህሉን የበሉት እነርሱ እንደሆኑ ተገምቷል። ካውንቲው በግብራቸው ከበረ፤ የመብራት ሒሳብ ግን በሁላችንም ደጅ ይመጣል። ማን ይክፈል የሚለውን የሚወስነው ዋሽንግተን ሳይሆን ሪችመንድ ነው።

ደሞዝም እንዲሁ። ቨርጂኒያ ከ1947 ጀምሮ ሠራተኛው ለማኅበር እንዲከፍል ማስገደድን የሚከለክል ሕግ አላት፤ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያም እስከ 2021 ድረስ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ በዚያን ጊዜ ከእጥፍ በላይ ይከፈላል። በቤት ኪራይ ተገፍተን ወደ ቨርጂኒያ ስንሻገር ይህንን ያሰላነው ስንቶቻችን ነን?

ምርጫም በዚህች ግዛት በየዓመቱ አለ። ገዥውና የግዛቲቱ ምክር ቤት የሚመረጡት ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ነው፤ ገዥም ሁለት ዘመን አከታትሎ መቀመጥ አይችልም። (ይህንን ለሀገር ቤት ሰዎች ስንነግር “ታዲያ መቼ ይሠራል?” ይሉናል።) ውጤቱ ደግሞ ጠባብ ነው። በ2006 ጂም ዌብ ሴናተር የሆኑት 10 ሺህ በማይሞላ ብልጫ ሲሆን፣ በዚያ አንድ ወንበር የመላው አሜሪካ ሴኔት እጁን ለወጠ። በ2021 ግሌን ያንግኪን ገዥ የሆኑት ከ64 ሺህ ባነሰ ብልጫ ነው። በዚያ ምርጫ ከእኛ ወገን ብዙ ሰው በባይደን አስተዳደር የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥቶ ለያንግኪን ቀስቅሷል። ቁጣው ይገባናል፤ ነገር ግን የቨርጂኒያ ገዥ በውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ላይ እጅ የለውም። እጁ ያለው በትምህርት ቤት፣ በመንገድ፣ በሕክምና ነው። በኖቬምበር 2025 አቢጌል ስፓንበርገር የመጀመሪያዋ ሴት ገዥ ሆነው ሲመረጡ፣ ምክትል ገዥ ሆነው የተመረጡት ጋዛላ ሐሽሚ ሕንድ ተወልደው በልጅነታቸው የመጡ ሙስሊም ስደተኛ ናቸው። እርሳቸው ስለ ሕንድ አይደለም የተወዳደሩት።

ለደለሱ ወዳጃችን በሚቀጥለው ሳምንት ስንገናኝ የ2017ቱን ነገርናቸው። ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ በአንድ የምክር ቤት ወረዳ ሁለቱ ተፎካካሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አንድ ሰው ብቻ ቢጨመር ኖሮ የምክር ቤቱ ግማሽ በአንዱ፣ ግማሽ በሌላው ፓርቲ እጅ ይሆን ነበር። በጃንዋሪ 4፣ 2018 የሁለቱ ስም በሁለት የፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ተደርጎ ከሸክላ ሣህን ዕጣ ወጣ፤ ሪፐብሊካኑ ወጡ። ቢሆንም ያ ምርጫ ምክር ቤቱን ስላናጋው ለዓመታት እምቢ ሲባል የቆየው የሜዲኬይድ መስፋፋት በዚያው ዓመት ጸደቀ፣ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮም በዝቅተኛ ገቢ ለሚኖሩ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ሕክምና ሰጠ።

“ቆይ” አሉን፣ የታክሲውን በር እንደያዙ። “እኔና ባለቤቴ ካርዱ የመጣልን 2019 ላይ ነው። የስኳሩን መድኃኒት ያገኘችው በዚያ ነው። እኛ ኦባማ ነው የሰጠን ስንል አልነበር?”

ሕጉ የኦባማ እንደሆነ፣ “ይሁን” ያለው ግን ሪችመንድ እንደሆነ፣ ሪችመንድንም “ይሁን” ያሰኘው የድምፅ ሣጥን እንደሆነ አስረዳናቸው። ዝም ብለው አዳመጡና “እንግዲህ እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ፤ ይህን ሁሉ ስታውቁ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ አራት ኪሎ ብቻ ስትነግሩን ምነው?” አሉን።

መልስ ሳንሰጣቸው ከፊታቸው ያለው መኪና ተነሣ፤ ተራቸው ደርሶ ኖሮ ሞተራቸውን አስነሥተው ወደፊት ተጠጉ።